የእርቅ ጠላ

የወንድሜን ሙት ዓመት ለማውጣት ጠላ መጠመቅ አለበት ሲሉኝ ሳቄ መጣ። በሐዘን ቤት አይሳቅም፤ ግን ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ። የእድር ሴቶች ክፉኛ ደነገጡ። አንደኛዋማ «ዘኑ፣ ደህና ነሽ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ደህና ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ሲያንገላታው ኖሮ በመጨረሻም መጠጥ የቀበረው ሰው፣ ነፍሱ እንድታርፍለት ጠላ እንጠምቅለታለን! ይሄ ካላሳቀ ምን ያስቃል? «ድግስ ያለ ጠላ የት አገር አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የትም የለም። ተጠመቀ።

ብቅሉ ሲፈጭ፣ ጌሾው ሲወቀጥ የተነሳው ሽታ ግን ሳቄን ቶሎ ወሰደብኝ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለው ቤቴ በአንድ ጊዜ ያደግሁባት የአንኮበሯ ጎረቤላ ሆነ። የጓሮዬን ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አፍንጫዋን ይዛ ወጣችና «እማማ፣ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጌሾ ነዋ ልጄ!» አልኳት። እሷ ድራፍት እንጂ ጌሾ የት ታውቃለች። እኔ ደግሞ ያደግሁት በዚሁ ሽታ ውስጥ ነው። እናቴ ጎረቤላ ላይ አረቄ እያወጣች ነበር የምታሳድገን። የአንኮበር ጉም እቤት ድረስ ገብቶ ሰውና ሰው በማይተያይበት ጠዋት እንኳ ጠጪው ሽታውን ተከትሎ ቤታችን ይመጣ ነበር። ልብሳችንም፣ ፀጉራችንም እሱን እሱን ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት «የአረቄ ልጅ» ይሉኛል። አልከፋኝም፤ ለትምህርት ቤት ያበቃኝ ማን ሆነና!

ያኔ መለኪያዋ በዐሥር ሳንቲም ነበረች። ስሙኒ የያዘ ሰው ጠጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ለቆሎም ተርፎት ነበር የሚሄደው። ሽማግሌዎቹ ካኪ ኮት ላይ የመንዝ በርኖስ ደርበው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ይገባሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ ፀጉራቸውን አፍሮ አጎፍረው፣ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው ይመጣሉ። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ኤንትሬ መኪና ጡሩምባውን ሲያሰማ ልጅ ሁሉ ወደ መንገዱ ይሮጣል፤ ከመኪናው ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ ይወርዳል። ከታች ሰፈር ጠጅ ቤት ብቻ ሬዲዮ ነበረና፣ ዘፈን ሲመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው የመጣበት ዘመን ነው፤ የቱ ከየቱ በፊት እንደነበረ ዛሬ ይምታታብኛል፤ የቤልቦተሙ ስፋት ግን አይምታታብኝም። እሱን ሁሉ የሚሰፋው ወንድሜ ተፈራ ነበርና። ታላቄ ስለሆነ ወንድምጋሼ ነው የምለው። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰውን በዓይኑ ለክቶ ይቆርጥ ነበር። እንደሱ እጀ ወርቅ አንኮበር አላየም። ይሄን የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ ቢሆንም ደግሞ ምን ይጠበስ!

ያን ጊዜ ሰካራም የሚባል ሰው ብዙም አልነበረም። ጠጪ ነበር እንጂ። ሰውየው «ሞቅ ብሎታል» ይባላል፤ ከበረታ «ዛሬስ ከብዶታል» ይባላል። ሁለት ሰው በብብቱ ገብቶ ደግፎ እቤቱ ያደርሰዋል፣ ጫማውን ያወልቁለታል፣ ባና ይጥሉበታል። በማግስቱ «ትናንት ምን ብዬ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ ምንም!» ነው መልሱ። ሚስቱን ቢደበድብ «ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሳይጠጣ ቢደበድብ ነበር ነውሩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ስለነበረ፣ የማይጠጣ ሰው እንዲያውም ይጠረጠር ነበር፤ ምን ደብቆ ይሆን ይባላል። ሴት ከጠጣች ግን አበቃላት። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ አረቄ አውጥታ፣ መድረሱን በምላሷ ጫፍ ከመቅመስ በቀር አንዲት መለኪያ አልጠጣችም። ለጠጪው ስትቀዳ፣ ስትሰማ፣ ስታስታርቅ ኖረች።

ወንድምጋሼ ሲጠጣ ግጥም ይመጣለት ነበር። አንዱን ልንገራችሁ፤

የአንኮበሩ ጉም ሲረፍድ ይለቃል፣
የኔው ጉም ግን ጠዋት ጠርሙስ ይጠይቃል።

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። «እሰይ ተፌ! ድገመው! ለተፈራ ቅጂለት በኔ!» ይላል አንዱ። «ኧረ በኔ!» ይላል ሌላው። ሰውየው እኮ ችግሩን ነው የተናገረው። ማን ሰምቶት! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለእሱ ነበር። ይወዱት ነበር፣ ከልባቸው ነው የሚወዱት፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ እሱን ረግሜ እገላገል ነበር።

ሚስቱ ጥሩወርቅ የአረርቲ ልጅ ነበረች። ቆላ ያደገች ስለሆነች የጎረቤላ ብርድ ዓመት ከዓመት ያንቀጠቅጣታል፤ ቢሆንም የባሏን መጠጥ ያህል አላንቀጠቀጣትም። ቻለች፣ ቻለች። አንድ የገበያ ቀን ግን ወንድምጋሼ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ስንዱን ይዞ ጨርቅ ሊገዛ ደብረ ብርሃን ሄደ። ጨርቁን ይዞ ተመለሰ፣ ልጅቱን ረስቷት መጣ። ጠጅ ቤት አስቀምጧት ኖሯል፤ ሞቅ ሲለው ጨርቁን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ መኪናው ሄዷል። ጥሩወርቅ «ስንዱስ?» አለችው። «ስንዱ?» አለ። ያን ጊዜ የነበረውን ፊቱን አልረሳውም፤ ስካሩ በአንዴ ከላዩ ሲወርድ ይታይ ነበር። በማግስቱ የመኪናው ሹፌር ልጅቱን ከፊት አስቀምጦ አመጣት። ዳቦ ይዛ ነበር፣ አላለቀሰችም። ጥሩወርቅ ከመኪናው አላወረደቻትም። ነጠላዋን ለብሳ እሷም ወጥታ ከጎኗ ተቀመጠችና ወደ አረርቲ ሄደች።

እና ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «ምነው ጥሩወርቅ! ጠጥቶ ነው እንጂ ክፉ ሰው እኮ አይደለም!» አለ። መጠጡ ጥፋት ሳይሆን ማመካኛ ነበር። እሷ ግን ለተላከባት ሽማግሌ ሁሉ «አንድ ዓመት ሳይጠጣ ይዋል፤ ከዚያ እመለሳለሁ» ብቻ ነበር መልሷ።

ወንድምጋሼ ተወ። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ተወ። ጠበል ገባ፣ ለነፍስ አባቱ ተናዞ ተገዘተ። እናቴ ደግሞ የማልረሳላትን ነገር አደረገች፤ አረቄውን አቆመች። ጋኑን አጥባ ጓሮ ደፋችው፣ በርበሬና ሽንኩርት ቸርቻሪ ሆነች። ጠጪዎቿ አኮረፏት። «ልጄ እቤቴ እያለ እሱ ሲሸተው አላይም» አለቻቸው። ያ ዓመት የችግር ነበር፤ ሽሮም ያጣንበት ቀን አለ። ወንድምጋሼ መጀመሪያ ሰሞን እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክር መርፌ ቀዳዳ አይገባለትም፤ እኔ ነበርኩ እየሰካሁ የማቀብለው። አያየኝም፣ ያፍራል። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት «ዘኑ! ነይ እይ!» ብሎ ጮኸ። ሮጬ ስወጣ መርፌዋን ወደ ሰማይ አንስቷታል፤ ክሯ ገብታለች። ሁለታችንም እዚያ በረንዳ ላይ አለቀስን።

ዓመቱ ሞላ። ሽማግሌዎቹ አረርቲ ወርደው ጥሩወርቅንና ስንዱን ይዘው መጡ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የአባቴ ወዳጅ፣ በአገሩ የተጣላን በማስታረቅ የተመሰገኑ ሰው። ሦስት ጊዜ አረርቲ ወርደዋል ለዚህ ጉዳይ፣ በእግራቸው ሳይቀር። እናቴ ጠላ አልጠምቅም ብትልም ሽማግሌ ለእርቅ ተቀምጦ ጠላ ከሌለ ውርደት ነው ብለው ጎረቤቶች ከየቤታቸው አመጡ። በኛ ሰፈር ተጣልተው የተለያዩ ባልና ሚስት ሲታረቁ ከአንድ ዋንጫ ይጠጣሉ። ሚስት ትቀምሳለች፣ ባል ይጨርሳል። ከዚያ ይመረቃሉ። ያ ካልሆነ እርቁ እርቅ አይባልም፤ በዋንጫ ከታረቁ ወዲያ ግን ነገ ቢጣሉ እንኳ ሽማግሌ ዳግመኛ አይገባም።

ጥሩወርቅ ዋንጫውን ተቀበለች። ቀመሰች። ቶሎ አላቀበለችውም፣ ይዛው ቆየች።

«በል እንግዲህ ተፈራ፣ ተቀበላት» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ተገዝቻለሁ።»

«ይሄ ለመጠጥ ነው እንዴ? ለእርቅ ነው! አባ፣ ምን ይላሉ?»

የነፍስ አባቱ እዚያው ተቀምጠዋል። ትንሽ አሰቡና «ለሰላም ነው። ለዛሬ ተፈትተሃል» አሉት።

«ውሃ ያድርጉልኝ ጋሼ። በውሃ ልታረቅ» አለ ወንድምጋሼ። ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መሰላቸው፣ ቀልደኛ ነበራ! ጋሽ ደምሴም እየሳቁ «በውሃ የታረቀ በማግስቱ ይደርቃል! እኔን አፈር ያድርገኝ! በሞቴ!» አሉት። በሞቴ ከተባለ እንግዲህ ምን ቀረ? በእኛ አገር ሰው በሞቴ ብሎህ እምቢ ማለት ሙት እንደማለት ነው። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና «ተዉት» አለች፤ ሰማኋት። ሌላ ሰው የሰማት አይመስለኝም፣ የሴት ድምፅ እሽማግሌ መሀል አይገባም ነበር። ወንድምጋሼ ዋንጫውን ተቀበለ። ዞር ብሎ ቤቱን ቃኘ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ጋሽ ደምሴ ተነስተው መረቁ፤ «ቤታችሁን ያሙቅላችሁ፣ ክፉ አይለያችሁ!» አሉ። ከልባቸው ነበር፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጥሩወርቅን አረርቲ ልጠይቃት ሄጄ ስለዚያ ቀን አነሳችብኝ። «ዋንጫው እጄ ላይ ነበር እኮ ዘኑ። ልደፋው እችል ነበር። እርቁን እምቢ አለች እንዳልባል ፈራሁ» አለችኝ። «የማን እጅ ይደፋዋል ያን ጊዜ» አልኳት።

ሳምንቱን ምንም አልሆነም። ሰውም «አያችሁ? አንድ ዋንጫ ምን ታደርጋለች!» አለ። በሁለተኛው ሳምንት የማኅበር ጽዋ ነበር፣ እዚያ ቀመሰ። «ለዛሬ ተፈትተሃል ብለውኝ የለ፣ እንግዲህ ተፈታሁ» እያለ ይስቅ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ወሩ ሳይሞላ ለሙሽራ የቆረጠው ሱሪ አንዱ እግሩ አጭር ሆኖ ወጣ። ጥሩወርቅ ያን ጊዜ አልተጣላችውም፣ አልጮኸችም። የሱሪውን ጨርቅ በእጇ ለክታ አየችው፣ አጠፈችው፣ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ገበያ ልጅቱን ይዛ ሄደች። አሁን ሽማግሌ አልተላከም። ታርቀው ነበራ!

እናቴ ወደ አረቄዋ ተመለሰች፤ መብላት አለብን። ለእሱ ግን አትቀዳለትም፣ እሱም ከጎረቤት ይጠጣል። አንድ ቀን እሳቱ ዳር ተቀምጣ «ያሳደጋችሁም ይሄ አረቄ፣ የበላብኝም እሱ» አለች። ዳግመኛ ስለነገሩ ስታወራ አልሰማሁም።

እኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ወጣሁ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ወንድምጋሼን ወደ እኔ አመጣሁት። እዚህ ሰው ሌላ ነው። ከየአገሩ የመጣ ነው፣ ሥራ ፈላጊ፣ ተማሪ፣ ሠራተኛ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁትም። ጎረቤላ ላይ «ተፈራ ሞቅ ብሎታል» የሚባለው ሰው እዚህ «ያ ሰካራም ሽማግሌ» ሆነ። ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ወድቆ ግጥሙን ሲገጥም ወጣቶች በስልክ ቀርጸው ለቀቁት። የጎረቤት ልጅ «እማማ ዘነበች፣ ጋሼ ተፈራን በቲክቶክ አየናቸው!» ብላ አሳየችኝ። ስንቱ ስቆበታል መሰላችሁ! ድሮም እየሳቁበት ነበር፤ ግን የድሮዎቹ ስቀው በብብቱ ገብተው እቤት ያደርሱት ነበር። እነዚህ ቀርጸው ሄዱ። የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የድሮዎቹ አቅፈው ገደሉት፣ የአሁኖቹ አላቀፉትም።

ጉበቱ አልቆ ሆስፒታል ሲተኛ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ረጋ ብሎ አስረዳን። «ጋሼ፣ ይሄ ሱስ በሽታ ነው። የርስዎ ጥፋት አይደለም። የተወ ሰው አንዲት ብርጭቆ እንኳ መቅመስ የለበትም፤ አንዷ ትመልሰዋለች» አለ። ወንድምጋሼ ጣራውን እያየ «ድሮ ጨዋታ ነበር፣ ቀጥሎ ነውር ሆነ፣ አሁን ደግሞ በሽታ። ደግ ነው ልጄ፣ ማዕረጌ እያደገ ነው» አለው። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ያቺን «አንዷ ትመልሰዋለች» የምትል ነገር የሚናገር ሰው አንኮበር ላይ አንድ ጠፋ! ቄሱም፣ ሽማግሌውም፣ እናቴም፣ ሁላችንም ለነገሩ የነበረን ቃል ልክ ማወቅና ልክ አለማወቅ ብቻ ነበር። እሱ ብቻ ነው ያወቀው፤ ውሃ ስጡኝ ብሎ ነበራ።

ሙት ዓመቱ ባለፈው እሑድ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሄደው ዘመድ ብቻ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ከጎረቤላ በሚኒባስ መጥተዋል፤ የልጅ ልጃቸው ደግፏቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ስንዱም ከአረርቲ መጥታለች። አስተማሪ ናት፣ የልጆች እናት ናት፤ እናቷ ጥሩወርቅ ከሞተች ቆይቷል። ስንዱ ቀን ሙሉ ስታስተናግድ ውላ ጋሽ ደምሴ አጠገብ አረፍ አለች። እሳቸውም ብርጭቋቸውን ወደሷ ዘረጉላት።

«ስንዱዬ፣ ለአባትሽ ነፍስ ቅመሺለት። በሞቴ።»

«አልጠጣም አባባ» አለች። «አባቴ የእኔንም ድርሻ ጠጥቶልኛል።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። ጋሽ ደምሴ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት።

«የእርቃቸውን ቀን ታስታውሺያለሽ?» አሏት።

«አስታውሳለሁ።»

«ዋንጫውን በሞቴ ብዬ ያስጠጣሁት እኔ ነኝ። ቤት የምሠራ መስሎኝ ነው ልጄ። ይኸው እስከ ዛሬ እሞታለሁ እሞታለሁ እያልኩ አልሞትም፤ ይሄን ሳልነግርሽ አልሞት ብዬ ይሆናል። ይቅር በይኝ።»

ስንዱ ከመቀመጫዋ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ሳትል፣ ድምፅዋ ከጋቢያቸው ሥር የሚመጣ ይመስል ዝቅ ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለች። «አባቴ ዋንጫውን ተቀብሎ ዞር አለ አይደል? እኔን ነበር የሚፈልገኝ። እናቴ ጀርባ ቆሜ ነበር። መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹ አባትሽ ጠላውን ሲጠጣ ትታረቃላችሁ ብለውኛል። ካልጠጣ ወደ አረርቲ የሚመልሱን መሰለኝ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም፣ ጠጣ አባዬ አልኩት።»